የ1,500 የበረራ ሰዓት ግዴታ እና ከኢቲ 302 በኋላ የወጡት የአሜሪካ ሕጎች

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ20 ዓመት ልጄ አብራሪ እሆናለሁ ብሎ ትምህርት ጀምሯል። እዚህ አገር በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆኖ ለመቀጠር 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል፤ በአገራችን ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ሰዓት ይጀመራል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ኢቲ 302 አደጋ ጊዜ የረዳት አብራሪው ሰዓት ማነስ ብዙ ተወርቷል። በ2024 ትልቁ የአቪዬሽን ሕግ ሲወጣም ይህ ግዴታ ሳይነካ አልፏል። ለመሆኑ 1,500 ሰዓቱ የመንገደኛን ሕይወት የሚጠብቅ ነው ወይስ ባለሙያ እንዲጠፋ የሚያደርግ እንቅፋት?»

ምላሽ፦ ሰዓቱ ምንም አይጠቅምም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ አሜሪካ ከ2010 ወዲህ ካወጣቻቸው የበረራ ደህንነት ድንጋጌዎች መካከል በስም በጣም የታወቀው፣ በማስረጃ ሲመረመር ግን በጣም የሳሳው ይኸው የሰዓት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። መንገደኛን ይበልጥ የጠበቁት በዚያው ሕግና እርሱን ተከትለው በወጡት ሕጎች ውስጥ የሰፈሩ፣ ለዜና ርእስ የማይመቹ ሌሎች አንቀጾች ናቸው። ምክንያቴን ከሕጉ አመጣጥ ተነሥቼ አስረዳለሁ፤ ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ሌሊት ከኒውዋርክ ወደ ባፈሎ ይበር የነበረ የኮልጋን አየር መንገድ ቦምባርዲየር ኪው 400 አውሮፕላን (በአገራችን የአገር ውስጥ በረራ ብዙዎች የሚያውቁት ባለሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው) ለማረፍ ሲቃረብ ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ወረደ። በዚህ ጊዜ መሪው በዋናው አብራሪ እጅ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይህም አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚያቆመውን ኃይል ሊያጣ መቃረቡን የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ ነው። መደረግ የነበረበት አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነት መመለስ ሲሆን፣ አብራሪው ግን መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። አውሮፕላኑ አንድ መኖሪያ ቤት ላይ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በቤቱ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ። የሟቾች ቤተሰቦች ዋሽንግተን እየተመላለሱ የምክር ቤቱን አባላት አላስቀምጥ በማለታቸው ኮንግረስ በ2010 ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማ ኦገስት 1 ቀን ፈረሙበት። በመደበኛ የአየር መንገድ በረራ ላይ የሚሠራ ረዳት አብራሪ እንደ ዋናው አብራሪ ሁሉ የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ እንዲኖረው፣ ለዚህም በመሠረቱ 1,500 ሰዓት እንዲያስቆጥር ግዴታ የገባው በዚህ ሕግ ነው። አስፈጻሚው ደንብ በ2013 ወጣ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የዚያ አውሮፕላን ዋና አብራሪ 3,379፣ ረዳቷ ደግሞ 2,244 የበረራ ሰዓት የነበራቸው መሆኑ ነው። ሕጉ በዚያች ሌሊት በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ከኮክፒት አያስወጣቸውም ነበር። ምርመራው ያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ረዳቷ ከሲያትል ተነሥታ ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ ወደ ሥራ ገብታለች፣ ዋናው አብራሪ ከዚያ ቀደም በተደጋጋሚ ፈተና ወድቆ ሳለ ኩባንያው ሙሉውን ታሪክ ሳያውቅ ቀጥሮታል፣ የማንሳት ኃይል ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ የተሰጠው ሥልጠናም ለእውነተኛ ድንጋጤ የሚያዘጋጅ አልነበረም። የ2010ሩ ሕግ ለእነዚህም መልስ ሰጥቷል። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ የአብራሪዎች የሥራና የዕረፍት ሰዓት በአዲስ ደንብ ተወሰነ፣ በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስለው የመለማመጃ መሣሪያ) የሚሰጠው ሥልጠና አውሮፕላኑን ሙሉ በሙሉ ኃይሉን እስኪያጣ አድርሶ መመለስን እንዲያካትት ተደረገ፣ አየር መንገዶች የአመልካችን የፈተና ታሪክ የሚያዩበት የመረጃ ቋትም ብዙ ዘግይቶ ቢሆንም ተቋቋመ። ከኮልጋን አደጋ በኋላ የአሜሪካ መንገደኞች አየር መንገዶች ለ16 ዓመታት ያህል ብዙ ሕይወት የጠፋበት አደጋ ሳያጋጥማቸው መቆየታቸው እውነት ነው፤ የሰዓቱ ደጋፊዎችም ይህንን እንደ ዋና ማስረጃ ያቀርባሉ። ይሁንና ዕረፍቱም፣ ሥልጠናውም፣ ሰዓቱም በአንድ ሕግ አብረው ስለገቡ ውጤቱን ለሰዓቱ ብቻ ቆርሶ መስጠት አይቻልም።

ልጅዎ ሰዓቱን እንዴት እንደሚሞላው መመልከትም ያስፈልጋል። በአሜሪካ አሠራር የንግድ አብራሪነት ፈቃድ በ250 ሰዓት ገደማ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን 1,250 ሰዓት አብዛኛው ወጣት የሚሞላው የበረራ አስተማሪ ሆኖ፣ ሴስና 172 በመሰለች ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከአንዲት ትንሽ አየር ማረፊያ እየተነሣ፣ ያንኑ መንደርደሪያ እየዞረ፣ ተማሪው ሲያሳርፍ እጁን ወደ መሪው አስጠግቶ እየጠበቀ ነው። ይህ ትዕግሥትን፣ ኃላፊነትንና የአየር ሁኔታን ማንበብን እንደሚያስተምር አልክድም። ሁለት ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው፣ የማረጋገጫ ዝርዝር እየተነባበቡ፣ በ35,000 ጫማ ከፍታ ኮምፒውተር የሚመራውን ትልቅ ጄት እንዴት እንደሚቆጣጠሩት ግን ከሴስናዋ አይማሩትም። ሕግ አውጪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ፈቃዱን ለማግኘት የ30 ሰዓት የክፍል ትምህርትና የ10 ሰዓት የሲሙሌተር ሥልጠና የጨመሩበት፤ በእኔ ግምት ከ1,500ው ይልቅ ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ጥቂት ሰዓታት ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው ዓለም የሚከተለው መንገድ የተለየ ነው። ዕጩው በጥብቅ ተመርጦ በአካዳሚ ውስጥ በተወሰነ መርሐ ግብር ይሠለጥናል፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ትልቁ አውሮፕላን ሲሙሌተር ገብቶ ልምድ ካለው ካፒቴን አጠገብ ያድጋል። ይህ መንገድ የሚያስተማምነው አካዳሚው፣ አየር መንገዱና ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ጥብቅ እስከሆኑ ድረስ ብቻ ነው፤ እነርሱ ከላሉ ጥቂቱ ሰዓት በእርግጥ ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሆናል።

ወደ ኢቲ 302 ስንመጣ ስሜት የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ በጥንቃቄ እጽፋለሁ። ማርች 10 ቀን 2019፣ በእኛ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ስድስት ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፋራ በተባለው ቦታ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ የካፒቴኑን የበረራ ሰዓት 8,122፣ የረዳት አብራሪውን ደግሞ 361 ብሎ መዝግቧል። በዚያው ዓመት ሜይ ወር በአሜሪካ ኮንግረስ በተካሄደ የምስክርነት መድረክ ላይ የሚዙሪው ተወካይ ሳም ግሬቭስ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ችግሩን ይወጡት እንደነበር ተናገሩ፤ የ361 ሰዓቱ ወሬም ተስፋፋ።

ነገር ግን በዚያ ኮክፒት ውስጥ የሆነውን እንመልከት። በግራ በኩል ያለው የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚለካ ሴንሰር ገና እንደተነሡ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ይህንን አንድ ሴንሰር ብቻ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በተደጋጋሚ ወደ መሬት ይደፍቃል፤ ማስጠንቀቂያዎችም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። አብራሪዎቹ ከኢንዶኔዥያው የላየን ኤር አደጋ በኋላ ቦይንግ በላከው መመሪያ መሠረት የጅራቱን ማስተካከያ ከኤሌክትሪክ የሚለዩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አጠፉ። ያን ጊዜ ጅራቱን ማስተካከል የሚቻለው በአብራሪዎቹ መካከል ያለውን ጎማ በእጅ በማዞር ብቻ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ለመነሣት እንደተስተካከለ በመቆየቱ በዚያ ፍጥነት በጅራቱ ላይ ያረፈው የአየር ጫና ጎማውን ለእጅ እጅግ ከባድ አደረገው። ረዳቱ ሞክሮ እንደማይሠራ ለካፒቴኑ ተናገረ። ፍጥነቱን አለመቀነሳቸው በተቺዎች ዘንድ የሚነሣ ነጥብ ነው፤ የአሜሪካው ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት ለአብራሪዎቹ አያያዝ በቂ ቦታ አልሰጠም ብሎ ልዩነቱን በጽሑፍ አሳውቋል። ይህ ሁሉ ታስቦም ቢሆን፣ 8,122 ሰዓት ያለው ካፒቴን ባላዳነው አውሮፕላን የ361 ሰዓቱን ልጅ መክሰስ ሚዛን የለውም። በሐድሰን ወንዝ ላይ አውሮፕላን በማሳረፍ የሚታወቁት ካፒቴን ሱለንበርገር ራሳቸው፣ የ1,500 ሰዓቱ ግዴታ ጠንካራ ደጋፊ ሆነው ሳለ፣ ሁኔታውን በሲሙሌተር ሞክረው ሠራተኞቹ ጊዜ እንዴት ሊያጥራቸው እንደቻለ እንደተረዱ ለኮንግረስ መስክረዋል።

የኤምካስ ጉዳይ ሕግ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ በግልጽ የሚያሳየውም እዚህ ላይ ነው። አብራሪዎቹ በቂ ሰዓት ኖራቸውም አልኖራቸውም ስለዚህ ሶፍትዌር በመመሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ አልተጻፈላቸውም ነበር። የሶፍትዌሩ ኃይል ከፍ እንዲል ከተደረገ በኋላ ደግሞ ፈቃድ ሰጪው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሙሉ ሥዕሉን አላገኘም፤ አብዛኛው የምርመራ ሥራ ለአምራቹ ሠራተኞች በውክልና ተሰጥቶ ነበርና። ይባስ ብሎ ኮንግረስ በኦክቶበር 2018፣ የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ውስጥ ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ይህንን ውክልና የሚያሰፋ ሕግ አጽድቆ ነበር። በዲሴምበር 27 ቀን 2020 የተፈረመው የአውሮፕላን ብቃት ማረጋገጫና ተጠያቂነት ሕግ ይህንን ለማረም የመጣ ነው። አምራቾች አብራሪው ሳያዝ መሪውን ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል ሥርዓት ለመንግሥት እንዲያሳውቁ፣ መረጃ የሸሸገ እንዲቀጣ፣ በአምራቹ ውስጥ የመንግሥትን ሥራ በውክልና የሚሠሩ ሰዎች ሹመታቸው በመንግሥት እንዲጸድቅና ከአለቆቻቸው ጫና እንዲጠበቁ አዘዘ። አብራሪ በአደጋ ጊዜ ምን ያደርጋል የሚለው ግምትም በእውነተኛ የሰው ልጅ ባሕርይ ላይ እንዲመሠረት ጠየቀ። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ አውሮፕላኑ የሚሸጠው በሲያትል ለሚኖር የሙከራ አብራሪ ሳይሆን ለአዲስ አበባም፣ ለጃካርታም አብራሪ መሆኑን ያምናልና።

ሕጉ ሁሉንም አስተካከለ ማለት ግን አይደለም። ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 የአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ 9 ከፖርትላንድ ተነሥቶ ከፍታ ሲጨምር ሥራ ላይ ያልዋለውን የበር ቦታ የሚሸፍነው መድፈኛ ተነቅሎ በረረ፤ አራቱ ማሰሪያ ብሎኖች አውሮፕላኑ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ አልነበሩም። በ2020ው ሕግ የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በቀጣዩ ወር ባወጣው ሪፖርት ስለ ቦይንግ የደህንነት ባህል 27 ግኝቶችንና 53 ምክረ ሐሳቦችን አስቀምጧል። ሕግ ወረቀቱን ይቀይራል፤ የፋብሪካውን ወለል የሚቀይረው በየቀኑ የሚካሄድ ቁጥጥር ነው።

የ2024ቱ ሕግ ሜይ 16 ቀን 2024 በፕሬዚዳንት ባይደን ተፈርሟል። በሴኔቱ 88 ለ 4፣ በተወካዮች ምክር ቤት 387 ለ 26 ማለፉ ሁለቱ ፓርቲዎች በጥቂት ነገር በሚስማሙበት ዘመን የሚገርም ነው። ለአቪዬሽን አስተዳደሩ እስከ 2028 የበጀት ዓመት ከ105 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈቅዷል። ሕጉን በተወካዮች ምክር ቤት በኩል የመሩት ደግሞ እነዚያው ሳም ግሬቭስ ናቸው። በክርክሩ ጊዜ የአብራሪዎች የጡረታ ዕድሜ ከ65 ወደ 67 ከፍ ይበል የሚልና ከ1,500ው ሰዓት ውስጥ በሲሙሌተር የሚሞላው ድርሻ ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሁለቱም ወደ ሕጉ አልገቡም። የአብራሪዎች ማኅበራትና የኮልጋን ሟቾች ቤተሰቦች በጽኑ ተቃውመዋል፤ አንድም የምክር ቤት አባል «ደህንነትን አላላ» ተብሎ ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም። ቁጥር አንዴ ሕግ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ከማስገባቱ ይከብዳል።

ከዚህ ሕግ ውስጥ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው አንቀጽ ስለ ኮክፒት ድምፅ መቅረጫ የሚናገረው ነው። የአሜሪካ አውሮፕላኖች መቅረጫ ይይዝ የነበረው የመጨረሻውን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። መሣሪያው ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ መቅዳቱን አያቆምም፤ አውሮፕላኑ በሰላም ካረፈ በኋላ የመሣሪያውን የኤሌክትሪክ መስመር የሚያቋርጥ ሰው ከሌለ የመሬት ላይ ወሬና የጽዳት ሠራተኛ ድምፅ የአደጋውን ድምፅ እየሻረ ይሄዳል። በአላስካው አውሮፕላን የሆነው ይኸው ነው። በፌብሩዋሪ 2023 በኦስቲን፣ ቴክሳስ በጭጋግ ውስጥ አንድ የፌዴክስ የጭነት አውሮፕላን ሊያርፍበት በነበረው መንደርደሪያ ላይ የሳውዝዌስት መንገደኞች አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር ለጥቂት ሲተላለፉም እንዲሁ ድምፁ ጠፍቷል። ያን ጊዜ የኦስቲን አየር ማረፊያ በመሬት ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን ለተቆጣጣሪው በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያም አልነበረውም። አውሮፓ ይህን ጉድለት ቀድማ ለአዳዲስ አውሮፕላኖች 25 ሰዓት ስታዝ አሜሪካ ዘግይታ ነበር፤ የ2024ቱ ሕግ 25 ሰዓቱን ለአዲሶቹም፣ የጊዜ ገደብ ሰጥቶ ለነባሮቹም ግዴታ አድርጓል፤ የመንደርደሪያ መከታተያ ቴክኖሎጂም ወደ ተጨማሪ አየር ማረፊያዎች እንዲስፋፋ አዟል።

የሰዓቱን ግዴታ ወሰን ለማየት እርስዎ ከሚኖሩበት ብዙም ወደማይርቀው ደለስ አየር ማረፊያ ይሂዱ። በ50 መቀመጫ አውሮፕላን ከዚያ ወደ አንዲት አነስተኛ ከተማ የሚበር አሜሪካዊ ረዳት አብራሪ የአየር መንገድ አብራሪነት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዚያው መንደርደሪያ ላይ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚያርፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ግን በአገሩ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መለኪያ ይሠራል፤ የአሜሪካው 1,500 አይመለከተውም። የአሜሪካ መንግሥት የሚመረምረው የኢትዮጵያን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ብቃት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ መስፈርቱን በሚያሟሉ አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። አሜሪካ ራሷ ለውጭ አየር መንገዶች የምትቀበለው የደህንነት መለኪያ የሰዓት ቁጥር ሳይሆን የቁጥጥር ጥራት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለ ባለሙያ እጥረት ሲጠየቅ ደግሞ ሰዓቱ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ራሳቸው ብዙ አብራሪዎችን ቀድመው ጡረታ እንዲወጡ ከፍለው አሰናበቱ፤ መንገደኛው ሲመለስ ሰው አነሰ። ትናንሾቹ አየር መንገዶች ደመወዝ በብዙ ከፍ ሲያደርጉ ደግሞ አመልካች መጣ። እውነተኛው እንቅፋት ገንዘብ ነው፤ ሥልጠናው ወደ 100,000 ዶላር የሚጠጋ ወጪ አለው፣ ሰዓቱ የሚያመጣው ጫናም ይህን ዕዳ ተሸክሞ በአስተማሪነት ዝቅተኛ ገቢ የሚኖርበትን ጊዜ ማራዘሙ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ የማይደጉመው ልጅ ቀድሞ ይቀራል።

ከአብራሪ ይልቅ እጥረቱ የሚያሳስበኝ በመቆጣጠሪያ ማማዎች ላይ ነው። የ2024ቱ ሕግ አስተዳደሩ በየዓመቱ ማሠልጠን የሚችለውን ያህል ከፍተኛ ቁጥር ያላቸውን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች እንዲቀጥር አዟል። ይኸው ሕግ ግን እጅግ በተጨናነቀው የዋሽንግተን ሬገን አየር ማረፊያ በቀን አምስት ተጨማሪ የደርሶ መልስ በረራዎችን ፈቀደ፤ የአካባቢው የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ሴናተሮች አየር ማረፊያው ከዚህ በላይ አይችልም ብለው ቢሞግቱም አልተሰሙም። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 በዚያው አየር ማረፊያ ለማረፍ የተቃረበ የመንገደኞች አውሮፕላን ከጦር ሠራዊት ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጭቶ 67 ሰዎች ሞቱ። ተጨማሪዎቹ በረራዎች የአደጋው ምክንያት ናቸው ማለቴ አይደለም። በዚያች ሌሊት አንድ ተቆጣጣሪ የሄሊኮፕተሮችንና የአውሮፕላኖችን ሥራ ደርቦ ይዞ ነበር፤ መርማሪዎቹም ከኦክቶበር 2021 እስከ ዲሴምበር 2024 ድረስ በዚያ አካባቢ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ከሚገባው በላይ የተቀራረቡባቸው 15,214 አጋጣሚዎች በመንግሥቱ በራሱ መዝገብ ውስጥ ተቀምጠው አገኙ። መረጃው ነበረ፤ አንብቦ መንገዱን የሚዘጋ ግን አልነበረም። የአውሮፕላኑ አብራሪዎች የሰዓቱን ግዴታ አሟልተው ነበር።

ለልጅዎ የሚጠቅመውን ልጨምር። ሕጉ አቋራጭ አለው፤ ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በዚያው ተቋም ወይም በአጋሩ ትምህርት ቤት የሠለጠነ በ1,000፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ያለው በ1,250፣ ከጦር ኃይሉ የመጣ አብራሪ ደግሞ በ750 ሰዓት በረዳት አብራሪነት መቀጠር ይችላል፤ ዝቅተኛው ዕድሜም 21 ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲመርጥ ይህንን የተቀነሰ ሰዓት ለመስጠት የተፈቀደለት መሆኑን አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ። የ2024ቱ ሕግ ለአብራሪዎች፣ ለጥገና ባለሙያዎችና ለአውሮፕላን አምራች ሠራተኞች ሥልጠና የሚውል የድጋፍ ገንዘብ ፈቅዷል፤ ገንዘቡ የሚሰጠው ግን ለትምህርት ቤቶችና ለድርጅቶች እንጂ ለግለሰብ ስላልሆነ የሚጠየቀው ትምህርት ቤቱ ነው። ሐሳቡን ወደ ጥገና ሙያ ካዞረ ሥልጠናው አጭርና ርካሽ ነው፤ በኢትዮጵያ በአውሮፕላን ጥገና የሠራ ዘመድ ካለዎትም የ30 ወር የሥራ ልምዱን በዝርዝር ማስረጃ ካቀረበ በአሜሪካ ለሁለቱም የጥገና ፈቃዶች ፈተና መቀመጥ ይችላልና ከአሠሪው ደብዳቤ ሳይይዝ አይምጣ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነትን ከመረጠ የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልገዋል፣ ማመልከት ያለበትም 31 ዓመት ሳይሞላው ነው፤ ዜግነቱ ገና ከሆነ ማመልከቻውን አሁኑኑ ይጀምር።